ልጆችን ወደ ጣሊያን ከመውሰዳችን በፊት ምን እናንብብላቸው?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳየው ደስ አለኝ። የሰባትና የአስር ዓመት ልጆችሽን ይዘሽ በክረምት ሮም፣ ፍሎረንስና ቦሎኛ ልትሄጂ ነው፤ ስለ አገሩ ታሪክና ጥበብ ምን እናንብብ ነው ያልሽው። እኔ ቦሎኛ ስኖር 12 ዓመቴ ነው። ልጆቼን ያሳደግኩት እዚሁ ስለሆነ የሞከርኩትን ልንገርሽ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።

በትልልቁ የሥዕል መጽሐፍ አትጀምሪ። እኔ ወፍራምና ውድ ገዝቼ ልጄ ሦስት ገጽ ገልጣ ተወችው። ልጆቼን የያዛቸው ታሪክ ነው።

ከፒኖኪዮ ጀምሪ። ፊልሙን ሳይሆን የፍሎረንሱ ሰው ካርሎ ኮሎዲ የጻፈውን ዋናውን። ከ1881 ጀምሮ በልጆች ጋዜጣ ላይ እየተከታተለ ወጥቶ በ1883 መጽሐፍ ሆነ። የዚያን ዘመን ድህነት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የእንጨት አሻንጉሊቱን ፒኖኪዮን የጠረበው ሽማግሌ፣ ጄፔቶ፣ ቤቱ ውስጥ እሳት ይነዳል፣ ድስት ይንተከተካል፤ ግን ሁለቱም ግድግዳ ላይ የተሳሉ ናቸው። ፒኖኪዮ ትምህርት ቤት ለመግባት የፊደል መጽሐፍ ሲያስፈልገው ጄፔቶ የተጣጣፈች ካፖርቱን ለብሶ ይወጣል፤ መጽሐፉን ይዞ በሸሚዝ ብቻ ይመለሳል። ውጭ በረዶ ይጥላል። ካፖርቱን ለምን እንደሸጠው ሲጠየቅ ስለሞቀኝ ነው ይላል። እዚህ ጋ ስደርስ ልጄ ዝም አለች። ቆይታ «እማዬ፣ በረዶ እየጣለ እኮ ነው» አለችኝ። እኔም አባቴ ደብተር እንዴት ይገዛልኝ እንደነበር ትዝ ብሎኝ ማንበብ አቃተኝ። ብቻ ፒኖኪዮን ዛፍ ላይ የሚሰቅሉበት ምዕራፍ አለ። ለትንሿ ከማንበብሽ በፊት አንቺ እዪው።

ሁለተኛው የጣሊያናዊው የልጆች ደራሲ የጃኒ ሮዳሪ «በስልክ የሚነገሩ ተረቶች» ነው፤ የ1962 መጽሐፍ። አባትየው መድኃኒት እየሸጠ አገር ላገር ይዞራል። ማታ ማታ ልክ በሦስት ሰዓት ደውሎ ለልጁ ተረት ይነግራታል። ስልኩን ከኪሱ ስለሚከፍል ተረቶቹ አጫጭር ናቸው። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አንዱን መጽሐፍ መኪናው ውስጥ አስቀምጦ እሱም በስልክ ያነብላቸው ነበር። ከተረቶቹ አንዱ እዚሁ ቦሎኛ፣ ፒያሳ ማጆሬ ላይ ስለተሠራ የአይስክሬም ቤተ መንግሥት ነው። ጣሪያው ክሬም፣ በሩና ግድግዳው አይስክሬም። በማግስቱ ልጄ አደባባዩ መሀል ቆሞ «የቱ ጋ ነበር?» እያለ ሰው ሁሉ ሲጠይቅ ዋለ። አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም በ2020 ወጥቷል፤ እሱ ይሻልሻል።

ለጥበቡ በየከተማው አንድ ሥራ ብቻ ምረጪ። ፍሎረንስ ላይ ሚኬላንጄሎ የቀረጸውን የዳዊት ሐውልት እመርጣለሁ። ዳዊትና ጎልያድን ልጆችሽ ከሰንበት ትምህርት ቤት ያውቁታል። ስለ እሱ ብቻ የሚያወራ ቀጭን መጽሐፍ ፈልጊላቸው። ሚኬላንጄሎ ሌሎች ጀምረው የተውትን እብነ በረድ በ1501፣ በ26 ዓመቱ ጀምሮ በ1504 ጨረሰው። ቁመቱ ከ5 ሜትር ያልፋል። ቀኝ እጁን አስተውሉ በያቸው፤ ከሰውነቱ ጋር ሲተያይ ይተልቃል፣ ደም ሥሩ ሳይቀር ይታያል። ልጄ እጁን እያስተያየ ከፊቱ አልነሳ አለኝ።

ሮም ላይ ግን መጽሐፍ ብቻ አይበቃሽም። እኛ ባነበብናቸው የልጆች መጽሐፎች ውስጥ የአክሱም ሐውልት አልነበረም። ስለዚህ በአፌ ነገርኳቸው፦ መጀመሪያ ዓድዋን፣ ቀጥሎ በ1937 የፋሺስቱ መንግሥት ሐውልቱን ወስዶ ሮም እንዳቆመው፣ በ2005 እንደተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ እንደገና እንደቆመ። ከዚያ ሮም ውስጥ ቆሞበት የነበረውን ቦታ፣ ከፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ ወስጄ አሳየኋቸው። ልጄ ሐውልቱ እዚያ እንደሌለ አይታ አጨበጨበች። አንቺም አሳዪያቸው።

ቦሎኛ ስትደርሱ ጻፊልኝ። ፒያሳ ማጆሬን ልጄ ያስጎበኛቸዋል፤ ቤተ መንግሥቱ የቱ ጋ እንደነበር አሁን ያውቃል።