ሰርተፍኬቱ ፖስትማን ላይ ሠርቶ ጃቫ ላይ ሲቀር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ ክፍያ የምትልኩበት ባንክ የክላየንት ሰርተፍኬት (ፕሮግራማችሁ ማንነቱን ለባንኩ የሚያሳይበትን) ሰጥቷችኋል። ፖስትማን በሚባለው የመሞከሪያ መሣሪያ ላይ ስትሞክሩት ይሠራል፤ የጃቫ ፕሮግራማችሁ ግን ገና ግንኙነቱን ሲጀምር ይቋረጥበታል። «የሰርተፍኬት ምርመራውን ብናጠፋው ይሻል ይሆን?» ብለሃል።

አታጥፉት። አደገኛ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ብታጠፉትም የሚለወጥ ነገር የለም። እናንተ ልታጠፉት የምትችሉት ፕሮግራማችሁ የባንኩን ሰርቨር ማንነት የሚመረምርበትን በኩል ነው። ችግሩ ያለው ደግሞ ባንኩ የእናንተን ማንነት በሚመረምርበት በኩል ነው። ያንን ማጥፋት የሚችለው ባንኩ ብቻ ነው፤ እንደማያጠፋውም ተስፋ አደርጋለሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ሰርተፍኬቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ከማየቴ በፊት፣ ለመሆኑ ተልኳል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አልተላከም። ግንኙነቱን በምስጢር በሚጠብቀው በቲኤልኤስ አሠራር ክላየንቱ ሰርተፍኬቱን የሚያሳየው ሰርቨሩ ሲጠይቀው ብቻ ነው። ሰርቨሩም ሲጠይቅ «የምቀበለው እነዚህ የፈረሙትን ነው» የሚል የሰርተፍኬት ሰጪዎች ስም ዝርዝር አብሮ ሊልክ ይችላል፤ ባንኮች ይህን ማድረግ ይወዳሉ። ክላየንቱ በእጁ ያለው ከዝርዝሩ ጋር የሚገጥም ካልመሰለው ቅሬታ አያሰማም፤ ባዶ መልስ ልኮ ዝም ይላል። ግንኙነቱን የሚቆርጠው ሰርቨሩ ስለሆነ እናንተ የምታዩት ስህተት ምክንያቱን አይነግራችሁም።

ፖስትማንና ጃቫ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ፖስትማንና ከርልን የመሳሰሉ መሣሪያዎች የሰጣችኋቸውን ሰርተፍኬት ባብዛኛው ዝርዝሩን ሳያገናዝቡ ይልኩታል። ጃቫ ግን ያገናዝባል። የባንኩ ዝርዝር ላይ ያለው የስር ሰርተፍኬቱ (የሌሎቹ ሁሉ የበላይ የሆነው) ስም ብቻ ነው እንበል፤ የእናንተን የፈረመው ደግሞ ከስሩ በታች ያለ መካከለኛ ሰጪ ነው። በኪስቶራችሁ (ጃቫ ቁልፍና ሰርተፍኬት በሚያስቀምጥበት ፋይል) ውስጥ የራሳችሁ ሰርተፍኬት ብቻ ካለ፣ ጃቫ ከእናንተ ተነሥቶ ዝርዝሩ ላይ ካለው ስም የሚያደርሰው ነገር አያገኝም። መካከለኛው አብሮ ቢኖር ኖሮ የፈረመለት ስሩ መሆኑን አይቶ ይልከው ነበር። ከነገርከው ተነሥቼ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ለማረጋገጥ ኪቱል በሚባለው የጃቫ መሣሪያ የኪስቶሩን ይዘት ከነዝርዝሩ አውጡና ሁለት መስመር ፈልጉ። የመጀመሪያው የመዝገቡን ዓይነት የሚናገረው ነው። «ፕራይቬት ኪ ኢንትሪ» ካለ ደህና ነው፤ «ትረስትድ ሰርት ኢንትሪ» ካለ ግን በውስጡ የግል ቁልፍ (ከሰርተፍኬቱ ጋር የሚሄደው ምስጢራዊ ቁልፍ) የለም። ከባንኩ ተፈርሞ የመጣውን ሰርተፍኬት ቁልፉ ባለበት ስም ሳይሆን በአዲስ ስም ያስገባ ሰው ይህን ያገኛል። ሰርተፍኬት ብቻውን ማንንም አያሳምንም፤ ክላየንቱ የግንኙነቱን መልእክቶች በግል ቁልፉ ፈርሞ የሰርተፍኬቱ ባለቤት መሆኑን ማሳየት አለበት። ሁለተኛው መስመር የሰንሰለቱ ርዝመት፣ ማለትም ከእናንተ ሰርተፍኬት ጀምሮ ወደ ስሩ የሚወስዱ ስንት ሰርተፍኬቶች እንዳሉ የሚናገረው ነው። 1 የሚል ከሆነና የፈረመላችሁ መካከለኛ ሰጪ ከሆነ፣ ጥርጣሬዬ ልክ ነው።

መድኃኒቱ የግል ቁልፉን፣ ሰርተፍኬታችሁንና መካከለኛውን አንድ ላይ አድርጎ ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው መሣሪያ አዲስ የፒኬሲኤስ 12 ፋይል (ባጭሩ ፒ12፤ ቁልፍና ሰርተፍኬትን አንድ ላይ የሚይዝ) ማዘጋጀት ነው። ጃቫ ከ9ኛው እትም ጀምሮ ኪስቶር ሲፈጥር ሌላ ካልተባለ በስተቀር ይህንኑ ዓይነት ስለሚጠቀም ፋይሉን ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር አያስፈልግም። የስር ሰርተፍኬቱን መጨመር ግዴታ አይደለም፤ ባንኩ ዘንድ አለ። ከዚያ የጃቫን የቲኤልኤስ ዱካ መመዝገቢያ አብርታችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩ። ለክላየንት ማረጋገጫ የሚሆን ሰርተፍኬት ስላላገኘ ባዶ መልእክት እንደሚልክ የሚናገር መስመር ካወጣ፣ ገና አልተፈታም ማለት ነው።

ባንኩ ቲኤልኤስ 1.3ን የሚጠቀም ከሆነ አንድ የሚያደናግር ነገር ጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው በዚህ እትም ክላየንቱ፣ ሰርቨሩ ሰርተፍኬቱን ሳይመረምር በፊት በበኩሉ ግንኙነቱን ጨርሷል። ስለዚህ ፕሮግራማችሁ በሎጉ ላይ «ተገናኝቷል» ብሎ ከጻፈ በኋላ የመጀመሪያውን መልስ ሲያነብ ይቋረጥበታል። ያን ጊዜ ሰዎች ጥፋቱን ኔትወርኩ ላይ ይለጥፉና ከቴሌ ጋር ሲጨቃጨቁ ይውላሉ።

ሰዓትንም ሳላነሣ አላልፍም፤ በእኛ አገር የተለየ መልክ አለው። አንድ ድርጅት ሰርቨሩን በእጅ ሰዓቱ አይቶ ያስተካከለ ባለሙያ ነበረው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 3:00 ብሎ ሞላው፤ ለማሽኑ ግን ያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በዚያ ጠዋት የወጣ የክላየንት ሰርተፍኬት «ገና አልጸናም» እየተባለ ሲመለስ አረፈደና፣ ከሰዓት በኋላ ማንም ሳይነካው ሠራ። እንዲህ በራሱ የሚድን ስህተት ካያችሁ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ተመልከቱ።

ሌላው፣ ሰርተፍኬቱ እንዴት እጃችሁ እንደገባ አልገለጽክም። ፒ12 ፋይሉ ከነይለፍ ቃሉ በአንድ የቴሌግራም መልእክት የመጣ ከሆነ (ብዙ ጊዜ አይቻለሁ) የግል ቁልፋችሁን ከእናንተ ሌላም የያዘው ሰው አለ። ቁልፉን ራሳችሁ ፍጠሩ፤ ለባንኩ የፊርማ ጥያቄውን (የግል ቁልፉ የሌለበትን፣ «ፈርሙልኝ» የሚለውን ፋይል) ብቻ ላኩ፤ እሱ ፈርሞ ይመልስላችሁ። የቸኮለ ሠራተኛ «እኛ ሁሉንም እንሠራላችኋለን» ቢላችሁም ይህንኑ ጠይቁት።

ባንኩ የክፍያውን ውጤት መልሶ ወደ እናንተ ሰርቨር የሚልክ ከሆነና እናንተም በተራችሁ ሰርተፍኬት ልትጠይቁት ካሰባችሁ፣ የምታምኑት ሰጪ ለማንም የሚሰጥ የአደባባይ ሰጪ እንዳይሆን። ያ ከሆነ አምስት ደቂቃ ያለው ሰው ሁሉ ሕጋዊ ሰርተፍኬት ይዞ ይገባል። ሰንሰለቱ መግጠሙ ሳይበቃ በሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ስም የባንኩ መሆኑንም ፕሮግራማችሁ ይመርምር። ደግሞም የአደባባይ ሰጪዎቹ ራሳቸው ከዚህ ሥራ እየወጡ ነው፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው የአደባባይ ሰጪ ለክላየንት ማረጋገጫ የሚያገለግል ሰርተፍኬት መስጠቱን በ2026 እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2025 አስታውቋል።

ኪቱል ያወጣውን ውጤት የድርጅታችሁን ስም ሸፍነህ እዚህ ለጥፈው፤ የመዝገቡ ዓይነትና የሰንሰለቱ ርዝመት ይበቃኛል። የፒ12 ፋይሉን ግን አትላክልኝ።