ጥጋቡ አይሰማውም ይሆን? ስለ ኦቲዝም፣ ስለ አንጎልና ስለ ክብደት ለጠየቃችሁኝ

ደሴ ውስጥ በሕፃናት ሕክምና ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። የላካችሁልኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ። አብሽሩ።

ጥያቄ (እናት፣ ከኮምቦልቻ)፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። የራሱን በልቶ የእህቱን ይቀማል፣ በጣም ወፍሯል። ጎረቤት «አንቺ ነሽ ያስለመድሽው» ይለኛል።

እህቴ፣ ይሄን ወቀሳ ከራስሽ ላይ አውርጂው። ጥጋብ በሆድ ብቻ አይታወቅም። ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ የአንጎል ክፍል «በቃ» የሚለውን የሆርሞን መልእክት ይቀበላል። ኢንሱላ የሚባለው ደግሞ ጣዕምን፣ ረሃብን፣ ጥምን ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ልጆች ሳይበሉ ቆይተው ኤምአርአይ በሚባል የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ ማሽን ውስጥ የምግብ ፎቶ አዩ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ኢንሱላ ከሌሎቹ ጠንከር ያለ ምላሽ ሰጠ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ስለ ሁሉም ልጅ አይናገርም። ቢሆንም ምግብ ፊቱ ሲሆን መታገሥ ለልጅሽ ከእህቱ ይልቅ ሊከብደው ይችላል።

የኛ ትሪ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ፈተና ነው። ድርሻው የት እንደሚያልቅ አይታየውም፣ እንጀራ ይጨመራል፣ ወጥ ይጨለፋል። የራሱ ሰሃን ይኑረው። ሲያልቅ ሰሃኑን ራሱ ወስዶ ያስቀምጥ። ድስቱም ከዓይኑ ይራቅ።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ የኔዋ ከደረቅ እንጀራና ከቅቅል ድንች ሌላ አትቀምስም። ከስታለች።

ይሄም ቅብጠት አይደለም። ሽታው፣ ልስላሴው፣ ቀለሙ ሊረብሻት ይችላል። አንድ የማውቀው ልጅ ወጥ የነካውን እንጀራ ዞር ብሎ አያየውም ነበር። እናቱ ሽሮውን በስኒ ለብቻ አድርጋ አጠገቡ ማስቀመጥ ጀመረች። ብላ አላለችውም። ከሳምንታት በኋላ ጣቱን ነከረ፣ አሸተተና ላሰ። እንዲህ ነው የሚኬደው። በግድ ማጉረስ ግን ያላትንም ያስጠላታል። ክብደቷ እየቀነሰ ስለሆነ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ደም ማነስ፣ የጥርስ ሕመምና የሆድ ድርቀት ይታዩላት።

ጥያቄ (አባት፣ ከደሴ)፦ ልጄ ሪስፔሪዶን የሚባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ቁጣው በርዶለታል፣ ግን 4 ኪሎ ጨመረ። ላቁመው?

ጋሼ፣ በራስዎ አያቁሙት። ድንገት ሲቋረጥ ቁጣውም እንቅልፍ ማጣቱም ሊብስ ይችላል። ክብደቱን በተመለከተ ግን ልክ ነዎት። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት 101 ልጆች ለ8 ሳምንት ተከታትለው ነበር፤ መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ 2.7 ኪሎ ሲጨምሩ መድኃኒት የሌለው ማስመሰያ የተሰጣቸው የጨመሩት 0.8 ብቻ ነው። መድኃኒቱ ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል ገታ አድርጎ ልጁን ያረጋጋዋል። ሂስታሚንና ሴሮቶኒን የሚባሉትን ሌሎች መልእክተኞችም ስለሚነካ ረሃብ ይቀሰቅሳል። ልጁ ሆዳም ሆኖ አይደለም።

በየወሩ በአንድ ሚዛን ይመዝኑት፣ ከነቀኑ ደብተር ላይ ይጻፉ። ደብተሩን ይዘው ሐኪሙን ያነጋግሩ፣ የደም ስኳርና የደም ቅባት ምርመራም ይጠይቁ። መጠኑን መቀነስ ወይም ቀስ በቀስ መቀየር የእሱ ሥራ ነው። ለስላሳና ጣፋጭ ጭማቂ ግን ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ፣ ውኃ ይጠጣ።

ጥያቄ፦ ጠበል እየወሰድነው ነው። መድኃኒቱን እስከዚያ ብናቆየውስ?

ጠበሉም ዱአውም ይቀጥል። መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ።

ጥያቄ፦ የአንጎል ፎቶ ቢነሳ ለምን እንደወፈረ ይታወቃል?

አይታወቅም። ከላይ ያልኩት ኤምአርአይ ለምርምር ነው፣ የአንድን ልጅ ውፍረት አይፈታም። ለዚህ ብላችሁ ብር አትበደሩ። የሚጥል በሽታ ምልክት ካለ ግን ሐኪሙ የአንጎል ምርመራ ሊያዝ ይችላል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ኳስ ከልጆች ጋር አይጫወትም። ምን ላንቀሳቅሰው?

ኳሱን ተይው። ጫጫታውና ግፊያው ይከብደው ይሆናል። በእግር ሂዱ። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ፣ ዳገቷን ወጥታችሁ ተመለሱ። እንዲህ ዓይነት ልጅ የለመደውን መንገድ ይወዳል። ከወር በኋላ ጫማውን ይዞ በር ላይ የሚጠብቅሽ እሱ ሊሆን ይችላል።