ዋስ የሆንኩት ለ120,000 ብር ነው፤ 148,000 ክፈል ተባልኩ

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። አበልጄ ባጃጅ ለመግዛት ከአንድ አበዳሪ ተቋም ሲበደር በደመወዜ ዋስ ሆንኩት። ጥቂት ወር ከፍሎ ጠፋ። አሁን ዋናው ብድር 105,000፣ ወለድና ቅጣት 43,000፣ በድምሩ 148,000 ብር ክፈል የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። እኔ የፈረምኩት «እስከ 120,000 ብር» በሚል ነው። ሄጄ ስጠይቅ «በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ ነህ፤ ሁሉንም ትከፍላለህ» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ መምህር። የእርስዎ ጣሪያ 120,000 ብር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1922፣ ዋስትና ከተገባበት ልክ አያልፍም ይላል። ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት ዋስትና ደግሞ ጭራሽ አይጸናም።

ይህ ማለት ግን ወለድ አይነካዎትም ማለት አይደለም። ጣሪያው እስኪሞላ ወለድም ይገባል። 105,000 ዋናው፣ ከወለዱ 15,000፣ እዚያ ላይ ያበቃል። የቀረው 28,000 የአበልጅዎ ዕዳ ነው።

«በአንድነትና በተናጠል» የሚለው ቃል አበዳሪው አበልጅዎን ሳይከስ በቀጥታ እርስዎ ዘንድ እንዲመጣ ይፈቅድለታል። ብሩን አይጨምርም። ይህን ቃል ማስፈራሪያ ሲያደርጉት ያናድደኛል። አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ለጎረቤት ዋስ ሆኖ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰው ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አደረ። ጠዋት ውሉን ከሣጥን አውጥተን አየነው። የብሩ ቦታ ላይ ነጠብጣብ ብቻ ነበር። ማንም አልሞላውም።

እርስዎም ውልዎን ያውጡና ከ120,000 ቀጥሎ ያለውን ቃል ያንብቡ። «እና ወለዱን» የሚል ካለ አበዳሪው እሱን ይዞ ይሟገታል። እኔ ብሆን ሕጉ የሚፈልገው ቁጥር ነው ብዬ እከራከራለሁ። እንዲህ ከሆነ ግን ውሉን ለጠበቃ ያሳዩት።

ማስጠንቀቂያውን ዝም እንዳይሉት። እርስዎ ራስዎ ካዘገዩ፣ ለዘገዩበት ጊዜ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ሊጠየቁ ይችላሉ። ኃላፊነትዎ እስከ 120,000 መሆኑን ጠቅሰው መልስ ይጻፉ። ሁለት ቅጂ ያድርጉት፤ አንዱ ላይ የአበዳሪው መዝገብ ቤት ማኅተም ይምታልዎት።

ከከፈሉ ደረሰኙን አይጣሉ። የከፈለ ዋስ በአበዳሪው ቦታ ይተካል፤ አበልጅዎን ፍርድ ቤት ከሰው የከፈሉትን ማስመለስ ይችላሉ። ባጃጁ በመያዣ ተመዝግቦ ከሆነም የመያዣው መብት ወደ እርስዎ ይዞራል። የት እንደቆመ ከአሁኑ ያፈላልጉ።