ሼርድ ፎልደሩ ይከፈታል፣ ሴቭ ግን አያደርግም ላሉት ጠያቂ

በዊንዶውስ ሰርቨርዎ ላይ ባለው ሼርድ ፎልደር (ሠራተኞች በኔትወርክ በጋራ በሚከፍቱት ፎልደር) ለሂሳብ ክፍል ግሩፕ በሴኩሪቲ ገጽ ላይ ሞዲፋይ (የማንበብና የመለወጥ ፈቃድ) ቢሰጡም ሠራተኞቹ ከየኮምፒውተራቸው ፋይሉን ከመክፈት በቀር ሴቭ ማድረግ እንዳልቻሉ፣ እርስዎ ግን ሰርቨሩ ላይ ተቀምጠው ሲሞክሩ ሁሉም እንደሚሠራ ጽፈዋል። ገላን ባለው ፋብሪካችን ይኸው ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ የደረሰብኝን እነግርዎታለሁ።

1. የሼሪንግ ገጹን ይመልከቱ፤ ኤቭሪዋን (ሁሉም ሰው) በሚለው ስም ሪድ (የማንበብ ፈቃድ) ብቻ ተሰጥቶ እንደሚያገኙት አልጠራጠርም። ከኔትወርክ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ በሼሩ፣ ቀጥሎም በኤንቲኤፍኤሱ (በሴኩሪቲ ገጹ በሚሰጠው) ፈቃድ ይፈተሻል፤ ከሁለቱ የጠበበው ይወስናል። የግቢው ዘበኛ ማየት እንጂ መንካት አይቻልም ካለ የሳሎኑን ቁልፍ መያዝ አይጠቅምም። እርስዎ ሰርቨሩ ላይ ሲቀመጡ ግን ግቢው ውስጥ ስለሆኑ ዘበኛው አያገኝዎትም። በሼሩ ላይ ለግሩፑ ቼንጅ (የመለወጥ ፈቃድ) ይስጡ፤ ማጥበቡን ለሴኩሪቲ ገጹ ይተዉት።

2. አንድ ሠራተኛ በሁለት ግሩፕ ውስጥ ካለ ፈቃዶቹ ይደመራሉ። በአንዱ ሪድ፣ በሌላው ሞዲፋይ ካለው ሞዲፋይ ይኖረዋል፤ ሪድ ብቻ ያለው ግሩፕ ውስጥ በመጨመር የማንንም መብት መቀነስ አይቻልም።

3. ዲናይ (ከልክል) የሚለውን ሳጥን አይንኩ። እኔ ነክቼዋለሁ። የደመወዝ ፎልደሩን ከመጋዘን ሠራተኞች ለመደበቅ ብዬ፣ ስማቸው ያለበትን ግሩፕ ከዝርዝሩ እንደ ማውጣት፣ ሁሉም ሠራተኛ ያለበትን ግሩፕ ዲናይ አደረግሁት። የሂሳብ ሠራተኞችም የዚያው ግሩፕ አባላት መሆናቸውን ያስታወስኩት ሰኔ 30 ከሰዓት፣ በጀት ዓመቱ በሚዘጋበት ዕለት፣ የሂሳብ ኃላፊዋ በሬ ላይ ቆመው ሳያቸው ነው። ዲናዩ ከላይኛው ፎልደር በውርስ የመጣ ቢሆን ኖሮ ለሂሳብ ክፍል በቀጥታ የተሰጠው አላው (ፍቀድ) ይቀድመው ነበር፤ እኔ ግን ሁለቱንም ያስቀመጥኳቸው እዚያው ፎልደር ላይ ስለነበር ዲናዩ አሸነፈ።

ሰርቨሩን ወደ ሸጠልን ድርጅት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ባለሙያ ችግሬን እንኳ ሳያስጨርሰኝ «ይህን የማያውቅ ሰው ማን ሰርቨር ላይ አስቀመጠው?» አለኝ፤ ገላን ከከተማ ውጭ ነው በሚል የትራንስፖርት ክፍያ አስቀድመን እንድንከፍልም ጠየቀን። ከፈልን። በሁለተኛው ቀን መጥቶ ዲናዩን አነሣና በሁለቱም ገጾች ላይ ለኤቭሪዋን ፉል ኮንትሮል (ሙሉ ሥልጣን) ሰጥቶ፣ ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ሄደ። በሳምንቱ የጭነት ሠራተኞች የሥራ አስኪያጁን ደመወዝ በምሳ ሰዓት ሲያወሩ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ራሴው ያዝኩት። ኤቭሪዋንን ከሴኩሪቲ ገጹ አወጣሁ፤ የላይኛውን ፎልደር ውርስም አቋርጬ ለሂሳብ ግሩፕ ሞዲፋይ፣ ለኦዲተሩ ግሩፕ ሪድ ሰጠሁ። በአድቫንስድ ሥር ኢፌክቲቭ አክሰስ በሚለው ገጽ የእያንዳንዱን ሰው ስም እያስገባሁ ምን እንደተፈቀደለት አረጋገጥኩ። ያለ ማንም እርዳታ የሠራሁት ስለሆነ ዛሬም እኮራበታለሁ።

ነገር ግን ወደ ግሩፑ አዲስ ያስገባኋት ገንዘብ ያዥ «አሁንም አይሠራም» አለችኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ደህና የነበረውን ሁሉ እየከፈትኩ መረመርኩ። እርሷ ምሳ በልታ እስክትመለስ መብራት ጠፍቶ መጣ፤ ኮምፒውተሯ እንደ አዲስ ሲነሣ ፋይሉ ሴቭ አደረገ። ግሩፕ ውስጥ መግባቷን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እንደ ገና ሎግ ኢን ስታደርግ ብቻ ኖሯል። እርስዎ መብራት እስኪጠፋ ሳይጠብቁ ሠራተኞቹን ሎግ ኦፍ አስደርገው እንደ ገና ያስገቧቸው።