ከመታጠብ ሌላ ምን አለ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት አዋሽ ፓርክ ውስጥ ያለው ፍልውሃ ውሰጂኝ ብላ ይዛኛለች። የ9 እና የ12 ዓመት ልጆችም አሉኝ። ያለን ሁለት ቀን ነው። በረሃ ውስጥ ልጆቹ እንዳይሰለቹብኝ ፈራሁ። ከመታጠብ ሌላ የሚታይ ነገር አለ? እናቴስ ደም ግፊት ስላለባት ውሃው ይከብዳት ይሆን? (አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ መተሐራ ነው ያደግሁት። ያ በረሃ ለእኔ ሰፈሬ ነው።

ከእናትሽ ልጀምር። አባቴም ግፊት ነበረበት። አንድ ጊዜ በጠራራ ፀሐይ ፍልውሃ ይዤው ሄድኩ። ውሃው ተስማማውና "ትንሽ ልቆይ" አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ሲወጣ ዓይኑ ጨልሞበት እጄ ላይ ወደቀ። ጥላ ሥር አስተኝተን እግሩን ከፍ ስናደርግለት ነፍሱ ተመለሰ። ያን ቀን አልረሳውም። ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ያሰፋል፤ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪሟን ጠይቂ። ከፈቀደላት በማለዳ ትግባ፣ ከ10 ደቂቃ አትለፍ፣ ስትወጣም ቀስ ትበል። ውሃው የተያዘ ጉልበትን ያፍታታል። በሽታ ግን አይነቅልም፤ ክኒኗን እንዳታቆም አደራ።

ኩሬዎቹ ሁሉ አንድ አይደሉም። ወደ ምንጩ በቀረብሽ ቁጥር ይፋጃል። አዋሽ ወንዝ ደግሞ አዞ አለበት። የፓርኩ ጠባቂ (ስካውቱ) "እዚህ ግቡ" ካላችሁ ቦታ ውጭ ልጆቹ እግራቸውን እንኳን እንዳያስገቡ።

አሁን ወደ ልጆቹ። መተሐራ ልትገቢ ስትይ መንገዱ በበሰቃ ሐይቅ መሃል ያልፋል። እዚያ መኪናውን አቁሚ። በ1950ዎቹ ይህ ሐይቅ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። መንገዱንም የባቡሩንም ሐዲድ ከፍ እስኪያስደርግ ድረስ ሞልቷል። አጠገቡ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ ቀልጦ እንደ ገንፎ ፈስሶ የደረቀ ነው። ልጆቹ በእጃቸው ይንኩት። ከዚያ ፍልውሃው ለምን እንደሚሞቅ ንገሪያቸው፦ ውሃው በስንጥቁ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ጥልቁ ውስጥ የጋለ ዐለት ያሞቀዋል፣ ተመልሶ ይወጣል። ድንጋዩን ነክተው ሲሰሙት ይገባቸዋል።

ከሰዓት በኋላ፣ ወደ 10 ሰዓት ሲል፣ በፓርኩ ዋና በር ገብታችሁ ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ሳላ የሚባለውን የዱር እንስሳ የምታዩት እዚያ ነው። ቀንዱ ቀጥ ያለ፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ። እኔ ስንት ዓመት አይቼው እስከ ዛሬ ሳየው ዝም እላለሁ። ከርከሮና ትንሿ አጋዘን መሳይ እንሹም አይጠፉም። ፀሐይ ስትጠልቅ ፓርኩ ውስጥ ያለው የአዋሽ ፏፏቴ ጋ ሁኑ። እዚያው አካባቢ ወይም አዋሽ ከተማ እደሩ።

ፍልውሃው ለሁለተኛው ቀን ይሁን። ከዋናው መንገድ በስተሰሜን፣ ፓርኩ ጫፍ ላይ ነው። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ፎር ዊል መኪና ያስፈልግሻል፤ በቪትዝ አትሞክሪው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ደህና ነው። ግንቦት ላይ እናትሽን ይዘሽ እንዳትሄጂ።

አንድ ነገር በደንብ አስቢበት። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ነበር። ብዙ ሰው ከቀዬው ተነሥቷል። ከመነሳትሽ በፊት ፓርኩ ጋ ደውለሽ መንገዱንም ጸጥታውንም ጠይቂ። የአካባቢው ሰዎች፣ ከረዩም ሆኑ አፋሮች፣ ሳይፈቅዱልሽ ፎቶ አታንሺያቸው። አፋሮች ከዘምባባ ቅጠል የሚሠሩትን ሰሌን ካገኘሽ ግዢ፤ ዓመታት ያገለግላል።

ፍልውሃ በምትሄዱበት በሁለተኛው ቀን ልጆቹን ሌሊት 11 ሰዓት ቀስቅሻቸው። ይነጫነጫሉ፣ ተያቸው። ጎህ ሲቀድ እዚያ ከደረሳችሁ እንፋሎቱ በዘምባባዎቹ መሃል ሲነሳ ታያላችሁ። ውሃው ሰማያዊ ነው፤ ወለሉ ላይ ያለው ጠጠር ይቆጠራል። ለእናትሽ ወፍራም ፎጣና ደረቅ ነጠላ እንዳትረሺ። ከውሃው ስትወጣ የማለዳው ነፋስ ይበርዳታል።