ሁለት ባላ ከተከላችሁ በኋላ

ልጆቼ፣ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። ሁለቱም ሳይሰበሩ ሲቀሩስ? የጎረቤቴ ልጅ ሰሞኑን የገባችበት ጣጣ ይኸው ነው። ካርልተንም ማካሌስተርም ተቀበሏት። እስከ ሜይ 1 አንዱን መምረጥ አለባት።

ሁለቱም እዚሁ ሚኒሶታ ያሉ ሊበራል አርትስ (ለአንድ ሙያ ብቻ ሳይሆን ሰፋ ያለ ትምህርት የሚሰጡ) ኮሌጆች ናቸው። እያንዳንዳቸው ሁለት ሺህ ገደማ ተማሪ አላቸው። አባቷ ሁለቱንም ሰምቷቸው አያውቅም ነበር። «ኮፊ አናን እኮ በፈረንጆቹ 1961 ከማካሌስተር ነው የተመረቀው» ስለው ትንሽ ተረጋጋ። (እኛ ሐበሾች የታወቀ ሰው ስም ካልሰማን ትምህርት ቤት አይመስለንም።)

ልጅቷ ደግሞ የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ አፍጥጣ ከረመች። ተዉት እሱን። እንዲህ የሚመሳሰሉ ኮሌጆችን የሚለያቸው ተራው ቀን ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው። ኮሌጄን የመረጥኩት ብሮሹር ላይ ባየሁት ፎቶ ነበር፤ የዛፎቹ ቅጠል ወርቅ ይመስላል። ያ ቅጠል ሁለት ሳምንት እንደማይቆይ ማን ነገረኝ? ከዚያ በኋላ የመጣው በረዶ ብሮሹሩ ላይ አልነበረም። ወደ ከተማ የሚወስድ አውቶቡስ አለመኖሩም አልተጻፈም።

ስለዚህ መጀመሪያ የትምህርት ካላንደሩን እዩ። ካርልተን ዓመቱን ለሦስት ይከፍለዋል። አንዱ ተርም 10 ሳምንት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንዴ ሦስት ኮርስ ይወሰዳል። ማካሌስተር በሴሚስተር ነው፤ አራት ኮርስ ጎን ለጎን ይሄዳል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን በ10 ሳምንት ውስጥ ጉንፋን አንድ ሳምንት ቢጥላችሁ የተርሙ አንድ አሥረኛ ሄደ ማለት ነው። ሲገፏችሁ የሚሻላችሁ ሰዎች አላችሁ፤ ለእናንተ ይሆናል። እኔ ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባኝ፣ አልችለውም ነበር። ደግሞ ለእኛ አንድ ነገር አለ፦ ካርልተን ከታንክስጊቪንግ በፊት ጀምሮ ረጅም እረፍት ይሰጥና ክረምቱን ተርም በጃንዋሪ መጀመሪያ ይከፍታል። ገና ሲደርስ ተማሪው ክፍል ውስጥ ነው። ማካሌስተር ግን ያኔም እረፍት ላይ ነው። እናታችሁ ዶሮ ሠርታ የምትጠብቃችሁ ከሆነ ይህ ቀላል አይደለም።

ቦታውም ይለያያል። ካርልተን ያለበት ኖርዝፊልድ ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ ትንሽ ከተማ ነው። ማካሌስተር ሴንት ፖል ውስጥ፣ ሰፈር መሃል ነው። እንጀራ ሲያምራችሁ በስኔሊንግ ጎዳና ወደ ሰሜን ጥቂት ብትሄዱ ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ፤ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሠርቻለሁና። የፋይናንሻል ኤይድ ደብዳቤ ስታነቡ ከታች ያለው ትልቁ ቁጥር አያስደስታችሁ። ግራንት የማይመለስ ነው። ሎን ዕዳ ነው። ወርክ ስተዲ ደግሞ ሠርታችሁ በሰዓት የምታገኙት ነው። ሦስቱን ደምረው «እርዳታ» ይሉታል። እናንተ ከጠቅላላው ወጪ ላይ ግራንቱን ብቻ ቀንሱ። የትምህርት ቤቱን ክፍያ፣ ዶርሙን፣ ምግቡን፣ መጽሐፉን ሁሉ ይዛችሁ። የቀረውን በአራት አባዙ፤ ክፍያው በየዓመቱ ስለሚጨምር ከዚያ በላይ እንደሚሆን አስቡ። ግራንቱስ አብሮ ያድጋል ወይ? ጠይቁ።

አንዱ ኮሌጅ የተሻለ ከሰጠ ደግሞ ደብዳቤውን ለሌላው አሳይታችሁ «እባካችሁ እንደገና ተመልከቱልን» ማለት ይቻላል። እሺ ላይሉ ይችላሉ፤ በመጠየቃችሁ ግን ቦታችሁን አይቀሟችሁም። እዚህ ላይ ነው ይሉኝታ ልጆቻችንን ብዙ ብር የሚያስከፍላቸው።

ልጅቷ ባለፈው ሐሙስ ደወለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አባቷ ሀፍረቱን አልቻለውም፤ ስልኩ እስኪዘጋ ኩሽና ገብቶ ሰሃን ሲያጥብ ቆየ።