ዛፍ ወይስ ማሽን? ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ

ወንድሜ፣ «ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ለማውጣት ዛፍ ይሻላል ወይስ አዲሶቹ ማሽኖች?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ የደን ካርቦን በመለካት ሥራ ላይ ስለቆየሁ ከዛፉ ልጀምር።

አለካኩ ቀላል ነው። የግንዱን ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብለን እንለካለን። ከዚያ የዛፉን ክብደት በቀመር እናሰላለን። ከደረቅ እንጨት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። አንድ ኪሎ ካርቦን እንጨቱ ውስጥ ካለ፣ ዛፉ ከአየር ላይ 3.67 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዷል ማለት ነው። ያውም በፀሐይ ብርሃን ብቻ!

ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ሪፖርት ላይ የሚጻፈው የተተከለው ችግኝ ነው፤ እኛ ሜዳ ላይ የምንቆጥረው ግን የጸደቀውን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ ያስደነግጣል። የጸደቀውም ቢሆን ከተቃጠለ ወይም ከበሰበሰ የያዘውን መልሶ ይለቀዋል። ለዚህ ነው «ይህን ያህል ቶን ካርቦን ተይዟል» ሲሉኝ ቶሎ ብዬ «ለስንት ዓመት?» የምለው።

በዚህ በኩል ማሽኖቹ ይበልጣሉ። አይስላንድ ውስጥ በ2021 ሥራ የጀመረው ኦርካ የተባለው ተቋም ጋዙን ከአየር ይለያል፤ ጋዙ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ባዛልት አለት ውስጥ ይገባል። እዚያው አገር ቀደም ሲል በተደረገ ሙከራ አብዛኛው ጋዝ በ2 ዓመት ውስጥ ድንጋይ ሆኗል። ድንጋይ ደግሞ እሳት አያሰጋውም።

ወጪው ግን አይቀመስም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ለቅሞ ማውጣቱ ብዙ ኃይል ይበላል። ኦርካ የተሠራው በዓመት እስከ 4,000 ቶን እንዲይዝ ነው። ዓለም ደግሞ ከነዳጅ፣ ከጋዝና ከድንጋይ ከሰል ብቻ በዓመት ከ35 ቢሊዮን ቶን በላይ ይለቃል። ሒሳቡን ሥራው።

በመሃል ባዮቻር አለ። የሰብል ተረፈ ምርትን ኦክስጅን በጣም ባነሰበት ምድጃ አክስሎ አፈር ውስጥ መቅበር ነው። ከካርቦኑ ግማሽ ያህሉ ከሰሉ ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያም ውስጥ ብዙው በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ይቆያል። ምድጃው መናኛ ከሆነ ግን ሜቴን የተባለ አየሩን ይበልጥ የሚያሞቅ ጋዝ ያመልጣል፤ ያኔ ነገሩ ኪሳራ ነው።

የካርቦን ክሬዲት፣ ማለትም ሌላው ከአየር ላወጣው ወይም ላስቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሸጥ የምስክር ወረቀት፣ ከደን ፕሮጀክት ልትገዛ አስበህ ከሆነ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቀው። ዛፉን ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የሚለካው ማነው? ደኑ ቢቃጠልስ ማን ይተካል? መልሱን በጽሑፍ ካልሰጠህ እለፈው።